ለሰልፍ ብቻ የተፈቀደችው ጂፕ

ዝናብ የመታው ሸራ በሸተተኝ ቁጥር በስደት አገር ሲዋርድ በሚባል ሰፈር የነበረው ቤታችን፣ ደጁ ላይ የቆመችው ሸራ ለበስ አረንጓዴ የወታደር ጂፕ፣ አባቴም ኮፈኗን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ውስጥ ቀብሮ ሲያፏጭ ይመጡብኛል። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲሆን እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ስለዚያች ጂፕ ከሰማሁት ግማሹ ያኔ አልገባኝም፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሁሉም ገብቶኛል አልልም።

አባቴ የገዛት በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ጦር ሠራዊቱ አሮጌ ንብረቱን ከሚሸጥበት ጨረታ ነበር። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባል ቦታ ቢሮ ታጸዳ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ አውቶቡስ ስትጠብቅ ጣቶቿ እየደነዘዙ ትንገላታ ነበርና፣ «የሚቀጥለው በረዶ ሳይጥል ከአውቶቡስ አወጣሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ደሴ እያለ በሠራዊቱ ጋራዥ ተቀጥሮ መንዳት የተማረው በእንዲህ ዓይነት ጂፕ ስለሆነ፣ እሷን ካየ በኋላ ሌላ መኪና አልታየውም።

እናቴ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና ፊቷ አመድ መስሎ፣ «ማንን ሊወስዱ ነው?» አለች። አባቴ መሪውን እንደያዘ እጁን እያውለበለበ ይስቅ ነበር። በማግስቱ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሟን ያሲንን እንዲህ ያለች መኪና ከደጃቸው ጭና እንደወሰደችው፣ ከዚያ ወዲህም እንዳልተመለሰ ነገረችኝ። «አባትሽ የፈለገውን ይበል፣ እኔ እሷ ላይ አልወጣም» አለች። አንዲት መኪና እንዴት አንዱን አስቃ ሌላውን እንደምታስደነግጥ ስላልገባኝ፣ ማንኛቸው እንደተሳሳቱ ለማወቅ ጂፗን እየዞርኩ አያት ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ የታርጋው ጣጣ መጣ። ኮፈኗ ላይ ሠራዊቱ በነጭ ቀለም የጻፈው ቁጥር ስለነበር አባቴ ሌላ ታርጋ ያስፈልጋታል ብሎ አላሰበም፤ እሱ በሚያውቀው አገር የጦር መኪናን ሊብሬ የሚጠይቅ ትራፊክ አልተወለደም። እዚህ ግን ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሰፈራችን መውጫ ላይ ጠበቀው። ፖሊሱ ቁጥሩን አይቶ ሳቀ፣ አባቴም አብሮት ሳቀ፣ ከዚያ ጂፗ ተጎትታ ወደ ቤት ተመለሰች።

ታርጋ ወደሚሰጥበት ቢሮ ስንመላለስ በጋው አለቀ። አንዴ የፍሬቻዋ ነገር ይነሳል፣ አንዴ የሻንሲዋ ቁጥር፣ አንዱ ሠራተኛ ይቻላል ሲል ሌላው አይቻልም ይል ነበር። በመጨረሻ አንዲት መነጽር ያደረገች ትሑት ሴትዮ፣ ጂፗ ለጦር ሜዳ እንጂ ለሕዝብ መንገድ ስላልተሠራች እንደማንኛውም መኪና ልትመዘገብ እንደማትችል፣ እንደ ቅርስ ግን መመዝገብ እንደምትችል፣ ያኔም ለሰልፍና ለትርኢት ብቻ እንደምትነዳ አስረዳችን፤ ለዚያም ቢሆን ባለቤቷ ለዘወትር የሚነዳው ሌላ መኪና ሊኖረው ይገባል አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምንድን ነው የምትለው? መኪና ሬጂስተር ለማድረግ መኪና ይኑርህ ነው?» አለኝ።

«አይ ዶንት ኖው፣ ዳድ» አልኩት።

«ሌላ መኪና ቢኖረኝ ይቺን ምን ልሠራባት ገዛኋት!»

ቤት ገብቶ ለእናቴ ሊያስረዳት ሲሞክር መሃል ላይ ራሱ ጠፋበት። እናቴም፣ «ቆይ፣ ሰልፉ የማን ነው?» እያለች ታደናግረው ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ጂፗን መሸጥ አልሆንልህ ቢለው፣ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው ኤርፖርት አብሮት ከሚሠራ ሰው አሮጌ ቶዮታ ገዛ። የገዛት ለጂፗ ብሎ ነው፤ በረዶው ሲጥል እናቴን ሥራ ያደረሰቻት ግን ቶዮታዋ ነበረች። ጂፗ ታርጋዋን ታጥቃ፣ የትም ሳትሄድ፣ በረዶ ተሸክማ ከረመች።

በቀጣዩ በጋ የአገሩ የነጻነት በዓል ሲደርስ በአቅራቢያችን ባለች ትንሽ ከተማ ሰልፍ ላይ እንድትገባ ተፈቀደላት። አባቴ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጂፗን አጥቦ አስነሳት፤ እናቴን ግን ነይ ለማለት አልደፈረም። እሷ ደጅ ወጥታ ጂፗን ብዙ አየቻትና፣ «አቁም ስልህ ታቆማለህ?» አለችው።

«ባልሽኝ ቦታ» አላት።

ሻርፗን አጥብቃ ወጣች፣ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭብልን፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ሰልፈኞች ከረሜላ እወረውርለት ነበር፣ ከፊታችን ማርሽ ባንድ፣ ከኋላችን የእሳት አደጋ መኪና ይሄድ ነበር። መሃል ከተማ ስንደርስ እናቴ፣ «አቁም» አለች። አባቴ ለምን ሳይል ፍሬኑን ረገጠ፣ ከኋላችን ያለውም ሰልፍ በሙሉ ቆመ። እናቴ ቀስ ብላ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈችና ዞር ሳትል በእግሯ ሄዳ ሰዉ መሃል ገባች። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አየሁት።

ያኔ ሰው ሁሉ ሲያየን አፍሬ፣ ምን ነካት ብዬ በጣም ተናደድኩባት። ዛሬ እኔ የመኪናዬን ታርጋ ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ አድሳለሁ፣ የት እንደምነዳት ማንም አይጠይቀኝም፣ አውርዱኝ ብዬ የለመንኩትም ሰው የለም። ያሲን አውርዱኝ ሲል የሰማው አልነበረም፤ እናቴ ያን ቀን ጂፗ ላይ የወጣችው ለመውረድ ነበር።