ሳይደርቅ የተፈረደበት ፀጉር

ሐሜት እንዳትሉብኝ፣ የገዛ ምራቴ ናት። ሰው የራሱን ቤት ቢያወራ ማማት ነው እንዴ? ደግሞ ሲያወሩ የሰማሁት አይደለም፣ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነው።

ምራቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ከምንኖርበት ፎቅ ሥር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክና ሦስት ወንበር የያዘች ጠባብ ክፍል አለቻት። እጇን አልዋሽባትም፣ ባለሙያ ናት፤ ስንቱን ከርዳዳ እንደ ሐር አርጋ ለቃዋለች። ሰፈሩም "ካውያ" ነው የሚላት። የሷ ራስ ግን ካውያ አያውቅም፣ ሲፈጥራት ሉጫ ናት። ይቺን ለመናገር ደግሞ ሰው እስኪጠይቃት አትጠብቅም።

ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ ነው። የልጅ ልጄን ያሳደግናት እኔና ምራቴ ነን። ሚጢጢ እንላታለን፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ቁርጥ የኔ ነው፤ ጥቅልል ያለ፣ ጣት ሲገባበት አልለቅ የሚል ከርዳዳ። እኔ ገና በዓመቷ አውቄዋለሁ። ምራቴ ግን፣

"የለም እማማ፣ የኔን ነው የወሰደችው። ሳጥባት እኮ ትከሻዋ ድረስ ይወርዳል" አለች።

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሳሳተው ፀጉር ሠሪ ብቻ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፀጉር ስታይ የኖረችው ገንዳው ላይ ረጥቦ ነዋ! ከገንዳው ወደ ካስክ፣ ከካስኩ ወደ ካውያ። አንድ ራስ እንኳ ምንም ሳይነካው፣ ዝም ብሎ በራሱ ሲደርቅ አይታ አታውቅም። ውሃ የጠጣ ፀጉርማ በክብደቱ ይወርዳል። ዘሩን የሚናገረው ሲደርቅ ነው፤ እስክሪብቶ ውስጥ እንዳለችው ሽቦ ከተጠቀለለ፣ በቃ ከርዳዳ ነው።

"አንዴ አጥበሽ እንዲሁ ተዪውና እዪው" ብላት፣ ግድግዳው ላይ ያንጠለጠለችውን ወረቀት አሳየችኝ። "እማማ፣ እኔ እኮ ሰርተፊኬት አለኝ።" ማንበብ እንደማልችል ታውቃለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ታዲያ እንደ ራሷ ፀጉር ያዘችው። በየሁለት ቀኑ ሻምፖ። ቅባት "ይከብደዋል" ብላ ከለከለችው። እንዲህ ያለ ፀጉር እኮ የራስ ወዙ በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ ዞሮ ጫፉ አይደርስለትም፤ ሁሌ እንደጠማው ነው። ደርቆ ሲሰበሰብባት "ቆሽሿል" ትልና መልሳ ታጥበዋለች። ከዛ በደረቁ በቀጭን ማበጠሪያ ትገባበታለች። ቀጭ ቀጭ እያለ ሲሰበር እኔ ከማዶ ክፍል እሰማዋለሁ።

አንዷ ደንበኛ ታዲያ፣ "ካውያ፣ የሰው ልጅ ታሳምሪያለሽ፣ ያንቺዋን ማን ይሥራልሽ?" ብላ ሳቀች። ያቺ ሳቅ ናት ጉድ የሠራችን።

ለትምህርት ቤት ፎቶ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኔ ጉልበቴን ልታይ ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ለትልቅ ሰው የምትቀባውን፣ ሲቆይ የሚያቃጥለውን የማለስለሻ ክሬም ለልጅቷ ቀባቻት። "ትንሽ ይቆይ" ስትል ደንበኛ ገባ፤ ደንበኛ ሲገባ ረሳችው። የሚጢጢን ጩኸት የሰማሁት ደረጃው ላይ ሆኜ ነው። ስደርስ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ቆዳዋ ከነፀጉሩ ተነስቷል።

ሐኪሙ፣ "ሥሩ ከሞተ አይመለስም። ሦስት ወር ጠብቁ፣ በሕይወት ካለ ብቅ ብቅ ይላል" አለን።

እነዛን ሦስት ወራት ለጠላቴም አልመኝ። ምራቴ ጠዋት ተነስታ ፊቷን ሳትታጠብ ቦታውን በባትሪ ታያለች። "እማማ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል፣ እስቲ እዪልኝ።" አያለሁ። ምንም። ለባሏ በስልክ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" ትለዋለች። እህል አልወርድ ብሏት ቀሚሷ ሰፋባት። ሚጢጢ ያለ ኮፍያ ከቤት አልወጣ አለች፤ ክፍል ውስጥ አውልቂ ሲሏት ሽንት ቤት ገብታ ቆልፋ ዋለች።

"እማ፣ መቼ ነው የሚበቅለው?"

"በሚቀጥለው ሳምንት፣ የኔ ቆንጆ።"

ያ የሚቀጥለው ሳምንት ስንቴ አለፈ!

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ በምሳ ሰዓት ምራቴ ከሥራ እየሮጠች መጣች። ለልጅቷ ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት ቀብታ ወደ መስኮቱ ስታዞራት ጮኸች። "እማማ! በቅሏል! ነይ እዪው፣ ጥቁር ጥቁር ወጥቷል!" ሚጢጢ መስታወት ፍለጋ በረረች፤ እናትየው ስልኳን አነሳች፣ ስትደብቀው የኖረችውን ለልጄ ልትነግር።

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም ጥቁር ጥቁር አለ። ግን የሚበቅል ፀጉር ይቆማል፤ ይሄ ተጋድሟል፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። አንዷ ደግሞ ቀለም የገባት ቀይ ናት። የሰው ፀጉር ስትቆርጥ ቆይታ፣ እጇን ሳትለቀለቅ ነው የመጣችው፤ ቅባቱ ቁርጥራጩን ይዞታል።

እዚህ አፍ ላይ ነገር አድሮ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ተሳሰረብኝ። ለአንድ ቀን ደስ ቢላት ምናለ አልኩ። ኋላ ልጅቷን አየኋት፣ መስታወቱን ይዛ ቆማ፣ ኮፍያዋን መሬት ጥላዋለች። ጥጥ አነሳሁና ጠረግሁት። ፀጉሩ ከጥጡ ጋር መጣ።

ምራቴ ጥጡን አየች፣ እጇን አየች። አላለቀሰችም። ስልኩን ዘጋችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "የደንበኛ ነው" አለች ብቻ።

በማግስቱ ሐኪሙ መብራት አብርቶ አየና "ጠባሳ ሆኗል" አለ። ደረጃውን ስንወርድ ሚጢጢ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

"እማ፣ መቼ ነው?"

ምራቴ ቆመች። "እዚህ ጋ አይበቅልም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ልጄ።"

ልጅቷ ኮፍያዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች። ቤት ገባን። የቀረው ፀጉሯ ተንጨባርሮ ስለነበር ምራቴ ውሃና ማበጠሪያ ይዛ ቀረበች።

"አንቺ አትንኪኝ!" አለቻት፤ መጥታም ጉልበቴ መሐል ተቀመጠች።

በውሃ አራስኩት፣ ቅባት ነካ አረግኩበት፣ አራት ቦታ ከፍዬ በጣቴ ከጫፍ እየፈታሁ ወደ ሥር ሄድኩ። ምራቴ አጠገቤ ቆማ የውሃውን ኩባያ ያዘችልኝ። ኩባያው አዘንብሎ ውሃው እግሯ ላይ ይፈስሳል፤ ዓይኗን ግን ከጣቴ አልነቀለችም።