መኽዘን ውስጥ ያገኘሁት መጽሔት

ዛሬ ከአዟሪ እጅ አንድ መጽሔት ተቀብዬ ስገልጠው፣ የቀለሙ ሽታ ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር ይዞኝ ሄደ። ፖሊስ ፈቃድ የሌለውን ስደተኛ የሚለቅምበት አፈሳ የጦፈበት ሰሞን ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ ማዳሟ ቤት ሥራ ላይ ስለነበረች፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለኝን ልጅ ጎረቤታችን ሸህ ሙሄ በሚጠብቁት የጨርቅ መጋዘን ደበቁኝ።

እዚያ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት አገኘሁ። ወጣትነታቸውን ወደብ ላይ በአስተርጓሚነት ያሳለፉት ሸህ ሙሄ፣ ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ፈረንጅ ይቺን ‹ማጋዚን› ይላታል። ቃሏ ግን የዐረብ ናት! ‹መኽዘን›፣ የዕቃ ማስቀመጫ። ወሰዷትና መጀመሪያ ዕቃ አስቀመጡባት፣ ኋላ ጥይት፣ ኋላ ደግሞ ወሬ።»

«የኛስ መጋዘን?» አልኳቸው።

«እሷው ናት እንጂ! በጣልያን በኩል ዞራ መጣች። ወላሂ፣ ያን ሁሉ አገር ስታቋርጥ ማን ኢቃማ ጠየቃት?»

ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። «መኽዘን! ማጋዚን! መጋዘን!» እያልኩ ዘለልኩ፤ ጮህኩ።

በሩ ተደበደበ።

ሸህ ሙሄ አልተቆጡኝም። የጨርቅ ጥቅል ደራርበው ሸፈኑኝና፣ በዐረብኛ «ብቻዬን ነኝ!» እያሉ ለፖሊሶቹ ወጡላቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

«እህቴ፣ ትገዢዋለሽ?» አለኝ አዟሪው።

ገዛሁት። ሦስቱን ቃላት ግን እስከ ዛሬ የምጠራቸው በሹክሹክታ ነው።