አባቴ ለጅብ ተረት ሲቆም

ሰቆጣ ላይ የሕፃናት የንባብ በዓል ልዘግብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንዲት ልጅ ልታነብ ወጥታ ማይክሮፎኑን ስትይዝ ድምፅ ማጉያው ሲጥ አለ። ያ ሲጥታ በዚሁ ሜዳ ወዳየሁት የልጅነቴ በዓል መለሰኝ።

ተራው የእኔ ነበር፤ የማነበው የጅብና የአህያ ተረት። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን፣ የኔታ ዘንድ ስለሆነ ከዳዊት ዜማ ሌላ የንባብ ስልት አላውቅም። ጅቡንም አህያዋንም በዚያው ዜማ አወረድኳቸው። ሰው መሳቅ ጀመረ። አማርኛ እምብዛም የማይሰማው አባቴ ግን ከኋላ ብድግ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጋቢውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ወንጌል እንደሚነበብለት ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

“ሰውዬው ለጅብ ተነሣለት!” ሲል አንድ የክፍሌ ልጅ ጮኸ። ሜዳው በሙሉ አውካካ። ፊቴ ጋለ፤ ቁጭ እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አባቴ አልተቀመጠም።

ወደ ቤት ስንመለስ በቤታችን ቋንቋ በኽምጣኛ፣ “አባ፣ የጅብ ተረት እኮ ነው! አሳፈርከኝ” አልኩት።

“ይሁና። ያነበብከው አንተ አይደለህ?” አለኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ቤት እስክንደርስ ከኋላው ራቅ ብዬ ሄድኩ።

አሁን ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። ሳላስበው ቆሜያለሁ።

“ጋሼ፣ ከለሉኝ እኮ! ይቀመጡ እንጂ” አለ ከኋላዬ ካሜራ የደቀነ ወጣት። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

ፊቴ እንደዚያን ዕለት ጋለ። እኔ ተቀመጥኩ።