በጭጋግ ውስጥ የሰማነው ጥሩምባ

ዛሬ ማለዳ የእድራችን ጥሩምባ ሲነፋ ገና ከአልጋ አልወረድኩም ነበር። ሌላው ሰፈር በድምፅ ማጉያ መለፈፍ ከጀመረ ቆይቷል። እኛ የካ ዳገቱ ላይ ያለነው ግን ጥሩምባ ነፊያችንን እስከ ዛሬ አልለቀቅንም። ድምፁ በባሕር ዛፉ መሃል እየተጎተተ ሲመጣ ባለቤቴ መንበረ እንደ ልማዷ የሟቹን ስም ከመስማቷ በፊት የእኔን ፊት አየች። የሞቱት አቶ ሸምሱ ነበሩ፤ ከታች መታጠፊያው ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስኳርና ሳሙና የሸጡልን ጎረቤታችን።

ብዙም ሳይቆይ ወንድማቸው አቶ ሙደሲር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። የእድሩ ሰብሳቢ እኔ ነኝና ስለ ድንኳን ሊያነጋግሩኝ መስሎኝ ነበር። ጉዳያቸው ግን ሰሚራ ናት። ሰሚራ የአቶ ሸምሱ ልጅ ስትሆን ካገባች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፤ ከባሏ ከፉአድ ጋር በመኪና ወደ አርባ ምንጭ ሲሄዱ ሐዋሳ አድረዋል።

«ጠዋት ጠዋት ለአባቷ መደወል ልማዷ ነው፤ አሁንም እየደወለች ነው፤ አላነሳንላትም» አሉ አቶ ሙደሲር፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ጋሽ መኮንን፣ እርስዎን ታከብራለች። ይደውሉላትና አባትሽ አገር ቤት ሄደዋል፣ ኔትወርክ የለም ይበሏት። ሙሽራ ናት፤ መንገድ ላይ ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሽርሽሯን ጨርሳ ስትመጣ ቁጭ አድርገን እናረዳታለን።»

ስልኬን አወጣሁ። መንበረ ግቢ ውስጥ መኪናዋን እያጠበች ነበር፤ የውሃው ድምፅ ቆመ። ጣቴ የሰሚራ ስም ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ አለኝ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አደራ ተቀብዬ አውቃለሁ።

ነገሩ ከሆነ ሰላሳ ዓመት አልፎታል። ያኔ ወጣት ጂኦሎጂስት ነበርኩ። ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት መብራት ማመንጨት እንድማር መሥሪያ ቤቴ ለስድስት ወር አይስላንድ ላከኝ፤ በዓለም ሰሜን ጫፍ ባሕር መሃል ያለች፣ እሳተ ገሞራ የወለዳት ደሴት ናት። መንበረን ጥያት የሄድኩት በተጋባን በሦስተኛ ወራችን ነው። እሷ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ትሠራ ስለነበር፣ ትምህርቴን ስጨርስ የሠራተኛ ነፃ ትኬቷን ይዛ መጣችልኝ። አንድ አስተማሪዬ አሮጌ መኪናውን አዋሰን፤ ደሴቲቱን በስምንት ቀን ዞረን ወደ አገራችን ልንሳፈር ወሰንን።

የምትነዳው እሷ ነበረች። እኔ ድንጋይ አነባለሁ እንጂ መሪ አልይዝም፤ እስከ ዛሬም አልያዝኩም። መንበረን መንዳት ያስተማሯት አባቷ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኤንትሬ የጭነት መኪና ከእንጦጦ አጣና ሲያወርዱ የኖሩ ሾፌር። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ጓደኛቸው ተገልብጦ የሞተበት መታጠፊያ አለ። ጋሽ ደምሴ እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንዴ ክላክስ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ሰላም ሳይሉት አይታለፍም» አሉኝ።

ለጉዞው ልንነሳ አንድ ቀን ሲቀረን ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። የጋሽ ደምሴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታፈሰ ነበሩ። መንበረ ለመንገድ የሚሆነን ዳቦና ድንች ልትገዛ ወጥታ ነበር።

«ልጄ፣ ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ። ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?»

«በል እንግዲህ ሰው ሁን። ወንድሜ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ። ልብ ነው አሉ።»

እንዴት አድርጌ ልንገራት ብዬ ሳልጨርስ ጮኹብኝ። «እንዳትነግራት! ዘመድ በሌለበት አገር ማን ደግፎ ይይዛታል? ትኬታችሁም አይቀየርም ብላችኋል፤ ለቀብሩ አትደርስም። ፊትህን አታጥቁርባት። እንደ ደህና ሰው አምጣልን፤ እዚህ እናረዳታለን።»

የሽማግሌ አደራ እምቢ አይባልም። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ የሚነገር ነው፤ በባዕድ አገር እንደ ደብዳቤ የሚታደል ነገር አይደለም። ትክክል መስሎኝ ነበር። ግን አሁን ከዕድሜዬ ምን ቀረኝና ልደብቅ፤ ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቀን የቆጠርኩለት ጉዞ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ተነሳን። አገሩ የሚያስፈራ ውበት አለው። እሳት ተፍቶት የቀዘቀዘ ድንጋይ እንደ ተገለበጠ እርሻ ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል፤ ላዩን የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። ከመንገዱ ዳር መሬቱ ይጨሳል፤ አየሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በጋቸው ነው ተብለን ነበር፤ የእኛን ሐምሌ የሚያስንቅ ዝናብ ነው የጠበቀን። እንጦጦም እኮ ድሮ እሳት ተፍቶ የተኛ ተራራ ነው፤ ባሕር ዛፉ ስለሸፈነው ነው የረሳንለት።

መንበረ በየቁልቁለቱ ታስተምረኝ ነበር። «ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፤ በማርሽ ነው ይላል አባባ።» «ጎማ ሲንሸራተት አትደንግጥ፤ መሪውን አትታገለው ይላል አባባ።» «ይላል» ባለች ቁጥር ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። አሁን ልንገራት እልና መሪ ይዛለች ብዬ እተወዋለሁ። ስንቆም ደግሞ ርቧታል እላለሁ፤ ስትበላ ደግሞ ትጨርስ እላለሁ። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው መንገድ ጥሩ ጓደኛ ነው።

ፍልሰታ ስለነበር የምንበላው ዳቦ፣ ድንችና ማርማላታ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት በጋለ መሬት ውስጥ ቀብራ ያበሰለችውን ጥቁር ዳቦ ገዛን። መንበረ ቆርሳ ስታየው እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

«ዛሬ እኮ ቡሄ ነው! ይኸው ሙልሙላችን!» ብላ ሳቀች። «አባባ አሁን በር ላይ ቆሞ ለሰፈሩ ልጆች ሙልሙል ያድላል። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይላቸዋል፤ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ መቼ ሰጠኋችሁ ብሎ ይቆጣቸዋል።»

ቆጠርኩ። ያ ቀን የጋሽ ደምሴ ሠልስት ነበር። እሷ አፏን ሞልታ እየሳቀች «አንሳኝ እንጂ!» ትለኛለች፤ ካሜራውን አነሳሁና ፎቶ አነሳኋት።

በአራተኛው ቀን አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ለአባቷ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ገዛች። «ትከሻችሁ አንድ ነው፤ ለካልኝ» አለችኝ። ለካሁት። ዞር በል፣ እጅህን አንሳ እያለች ከፊትም ከኋላም አየችኝ። «ልክ እሱን!» አለች። ባለ ሱቋ መስታወት ይዛልኝ ነበር፤ ላየው አልፈለግሁም።

በስድስተኛው ቀን በምሥራቁ ጠረፍ ስናልፍ ጭጋግ ወረደብን። መንገዱ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው፤ ባሕሩ ከታች ይሰማል እንጂ አይታይም። መንበረ መስታወቱ ላይ አጎንብሳ በሁለተኛ ማርሽ ትሄዳለች። በረደኝ። «የአባባን ሹራብ ልበሰው፤ አይቆጣም» አለችኝ። ለበስኩት። አዲስ ሱፍ ይሸታል፤ አንገቴን ይበላኝ ነበር።

ድንገት አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ከፊታችን ብቅ አለ፤ መንገዱ ድንጋዩን ዞሮ ያልፋል። አስተማሪዬ ስለዚህ አውርቶን ነበር። በዚያ አገር አንዳንዱን ድንጋይ የማይታዩ ሰዎች ይኖሩበታል ስለሚሉ መንገድ ሠሪዎቹ ሳይነኩት ይዞሩታል። መንበረ ይህን ከሰማች ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ እንደ አባቷ አንዴ ክላክስ ታደርጋለች። እዚያም አደረገች።

ከጭጋጉ ውስጥ መልስ መጣ። ረጅምና ወፍራም፣ የሚጎተት ድምፅ ነበር። አንዴ ተነፋ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ተነፋ። መንበረ ዳር ይዛ ቆመች፤ ከፊት ጭነት መኪና የሚመጣ መስሏት ጠበቀች። ምንም አልመጣም። በጭጋግ ጊዜ መርከብ ወይም የጠረፍ ማማ የሚነፋው ምልክት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ እንደ ተማረ ሰው እንደዚያ እላለሁ። ያን ጊዜ ግን የሟቹን ሹራብ ለብሼ ጸጉሬ ቆሞ ነበር።

«ቀበና ሳድግ ጠዋት ጠዋት የሚነፋው የእድር ጥሩምባ ነው የመሰለኝ» አለች። ሞተሩን አጠፋች። እጆቿን ከመሪው ላይ አነሳችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ ከቤት ደውለው ነበር እንዴ?»

መሪ አልያዘችም። አልራባትም። ሰበቤ ሁሉ አልቋል። አፌን ከፈትኩ፤ የጋሽ ታፈሰ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

«አልደወሉም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። መርከብ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለችና ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ በኋላ በየትኛውም መታጠፊያ ክላክስ አላደረገችም።

ማለዳ ቦሌ ስንደርስ የተቀበለን ዘመድ መብዛቱን አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። ቀበና ወንዝ ዳር ያለው የአባቷ ቤት እንደገባን ሁለት አክስቶቿ ግራና ቀኝ ያዟት፤ ጋሽ ታፈሰ ተናገሩ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጮኸ። መንበረ አልጮኸችም። በአክስቶቿ መሃል ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ዘመዶቿ የአባቷን ኮትና ኮፍያ ይዘው ሲያለቅሱ እሷ ከሻንጣዋ ያንን ሹራብ አወጣች፤ እሳቸው ያልለበሱትን፣ እኔ የለበስኩትን። ለቀስተኛው በልጅቷ ፍቅር አነባ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ያን ነገር ዳግም አላነሳችውም። ልጆች ወለድን፤ አሳደግን፤ ዳርን። ሹራቡን ክረምት ሲወጣ ፀሐይ ታስመታዋለች። ስትስቅ ያነሳኋትን ፊልም እስከ ዛሬ አላሳጠብነውም፤ ከነቆርቆሮው መሳቢያ ውስጥ አለ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ፊቴን ታያለች። ስለዚህ እኔ ማንኛውንም ስልክ የማነሳው ድምፁን ከፍቼ፣ እሷ ፊት ነው። ልጆቻችን መስማት ተስኖኝ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ጣቴ የሰሚራ ስም ላይ እንደ ደረቀ መንበረ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ሁሉንም ሰምታለች። ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እትዬ፣ ልጅቷ እኮ መንገድ ላይ…» ሲሉ እሷ ደውላ ድምፁን ከፍታ ነበር።

«ሰሚራ፣ እኔ ነኝ፣ መንበረ። ማነው የሚነዳው?»

«ፉአድ ነው። ምነው እትዬ? አባዬ ስልክ አያነሳም…»

«ዳር ይዞ ያቁም። ሞተሩንም ያጥፋ።» ጠበቀች። «ቆማችሁ? እጁን ያዢ። ልጄ፣ አባትሽ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተዋል።»

የወጣው ድምፅ ቤቱን ሞላው። መንበረ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «አልቅሺ፤ እኔ አልዘጋም፤ እዚሁ ነኝ» ትላት ነበር። ቆይታ ደግሞ ቀብሩ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ስለሆነ እንደምትደርስ፣ ባሏ ሲረጋጋ ቀስ ብለው ሞጆ ድረስ እንዲመጡ፣ ከዚያ እሷ እንደምትነዳላቸው ነገረቻት። አቶ ሙደሲር ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ነይ ልጄ፤ ሳታዪው አንወስደውም» አሉ።

መንበረ ቁልፏን አነሳች። ሳልጠየቅ አጠገቧ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዳገቱን መውረድ ስንጀምር ስሟን ጠራሁ።

«መንበረ።»

«እ?»

«ያኔ ደውለው ነበር።»

ፊቷን አላዞረችም። ባሕር ዛፎቹ ሥር ስንደርስ ዳር ይዛ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«በል ንገረኝ» አለች።

መርዶ ከሌላ ሰው ስለተሰማ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ጋ ያለው ገና አልተነገረም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከእኔ አፍ ስትጠብቀው ኖራለች።

«ልንነሳ አንድ ቀን ሲቀረን ነው የደወሉት። አባትሽ ንጋት ላይ ሞቱ። ልብ ነው አሉኝ። ጠይቀሽኝ ዋሸሁሽ።»

ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እጇን ያዝኩ፤ አልከለከለችኝም። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ከሰላሳ ዓመት በኋላ አንዴ ክላክስ አደረገች፤ ቁልቁለቱንም በማርሽ ወረድን።