ወንፊቱ የመረጠው ውል

አጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሠርቷል። ከሱ ጠረጴዛ ስህተት ስለማያልፍ የሥራ ጓደኞቹ «ወንፊቱ» ይሉት ነበር። እኔማ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ! አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኜ የጻፍኩለትን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ መልሶ ልኮልኛል። «ናፍቆት የሚለው ቃል በዝቷል» ይላል ግርጌው ላይ። እናቴ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔ እስካሁን አልረሳሁለትም።

ጡረታ ወጥቶ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠ በኋላ አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ ባሕር ካላየሁ አለ። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ውሰደኝ እያለች ስትለምነው «ውሃ ከቧንቧም ይወርዳል» እያለ ሲያሾፍባት የኖረ ሰው ነው። ምን ነካው ብሎ የጠየቀ የለም። ደስ አለንና ዝም አልን። ከአራት ወር በኋላ፣ ትኬት በሚረክስበት ጊዜ፣ እንዲሄዱ ተወሰነ።

ውጭ አገር ስለሆነ የጉዞ መድን ያስፈልጋቸዋል። እሱን መሸጥ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ቢሯችን ያሉትን ሦስት ውሎች ቤቱ ወስጄ ሰጠሁት። ትልቁ ሃያ አራት ገጽ ነው፤ በጉዞ ላይ ሆስፒታል ቢገቡ ይከፍላል፣ ከመነሳታቸው በፊት ቢታመሙም የትኬቱን ገንዘብ ይመልሳል። መካከለኛው ሕክምናውን ይችላል፣ ትኬቱን አይመልስም። ትንሹ አራት ገጽ ሲሆን ሻንጣ ከጠፋ ይክሳል፤ ለሕክምና የመደባት ገንዘብ ግን ጥርስ እንኳ በወጉ አታስነቅልም። እንዲያው ለቁጥር ነው የጨመርኩት።

ስልኬን ይዤ ጠበቅኩ። አጎቴ ያን ሁሉ ገጽ አንብቦ አሥር ጊዜ ደውሎ እንደሚጨቀጭቀኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። በአራተኛው ሚስቱን አስከትሎ ቢሮ መጣና ትንሹን ውል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ይኼኛው ይሁን» አለ።

ለምን ብለው፣ ሌሎቹ ወሬ ያበዛሉ አለኝ። ደሜ ፈላ። ለስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ሕክምና የሌለው መድን! ጋሼ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ቢመርጥ አንተ ራስህ አልነበርክም ወይ የምትስቅበት አልኩት። ትልቁን ውል ገለጥኩና የሆስፒታሉን አንቀጽ በጣቴ አሳየሁት። አንገቱን ዘመም አድርጎ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ከዚያ «አንብቤዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎ የቢሯችሁ መብራት ምነው ደከመ አለ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ እኔ እንኳ ዓይኔን ጨፈን እያደረግኩ ነበር።

ሦስቱን ውሎች ጎን ለጎን አየኋቸው። የሁለቱ ጽሑፍ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። የትንሹ ውል ፊደል ግን ጎላ ጎላ ብሎ የተጻፈ ነው። አጎቴ ማንበብ የቻለው ያን አንዱን ብቻ ነበር። በጮህኩበት አፌ አፈርኩ።

ቅጹን መሙላት ግድ ነውና ጥያቄዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ባለፈው አንድ ዓመት ሐኪም ያየው ሕመም አለ ወይ ስል፣ ሳልጨርሰው «የለም» አለ። ኮምፒውተሩን እያየሁ፣ ለማንም ደንበኛ እንደምለው ሁሉ፣ የተደበቀ ሕመም ኋላ ከተገኘ ድርጅቱ ውሉን ሰርዞ አምስት ሳንቲም እንደማይከፍል ነገርኩት።

«የለም ብዬሻለሁ እኮ» አለ።

«ዓይኑን ጻፊ» አለች እትዬ።

አጎቴ ወደሷ ዞረ። እሷ እሱን ትታ እኔን እያየች ቀጠለች። ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ እንደሚያፈስ፣ ደረጃ ሲወርድ በእግሩ እየዳበሰ እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። «ድምፅሽ ያምራል እያለ ጋዜጣ ያስነብበኛል። በአርባ ዓመት ትዳር ድምፄ ያማረው ዘንድሮ ነው?»

መሳቅ አቃተኝ። አጎቴ የግራ ዓይኑ ከጠፋ እንደሰነበተ፣ ለቀኙም ሐኪሙ ዓመት ይቆይ አይቆይ አላውቅም እንዳለው ተናገረ። ከዚያ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ግን እኔም እየሰማሁት፣ «ባሕሩን ስታዪ ልይሽ ብዬ ነው» አላት።

ሥራ ሥራ ነውና ግን ዓይኑን ጻፍኩ። ዓይኑን በተመለከተ ድርጅቱ ምንም እንደማይከፍል፣ ሌላው ሁሉ ግን በትልቁ ውል እንደሚካተት አስረዳኋቸው። አጎቴ ራሱን በመነቅነቅ ተስማማ።

እትዬ አላለቀሰችም። ስለ ካሳውም ስለ ክፍያውም አልጠየቀችም።

«የመነሻው ቀን ላይ ምን ጻፍሽ?» አለችኝ።

ትኬት የሚረክስበትን፣ ያኔ የተወሰነውን ቀን ነገርኳት።

«አጥፊውና የሚመጣው ሳምንት አድርጊልን።»

አጎቴ ትኬቱ አሁን እጥፍ እንደሆነ አስታወሳት።

«ይሁን» አለችው፤ እኔም አጠፋሁት።