ጠባሳና ሙዳ

ባሏ ላይ የምትቀና ሴት ሲባል ሰው ሁሉ ወዲያው ሌላ ሴት ይፈልጋል። እኔ ቤት ሌላ ሴት የለችም። እኔ ባሌ ላይ የቀናሁት በአባቴ ነው። ዛሬም እቀናለሁ፤ ማንም ቢሰማኝ ደንታ የለኝም።

አባቴ አናጺ ነው። ሥራ ቤታችን አምቦ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ እኔም ከአሥረኛ ክፍል በኋላ እዚያው ከሱ ጋር ቀረሁ። ቫርኒሹም የኔ፣ ስለት ማውጣቱም የኔ። አባቴ ለራሱ ልብስ መርጦ አያውቅም፤ ጫማውን እንኳን የምትገዛለት እናቴ ናት። መሮና መላጊያ ላይ ሲደርስ ግን ለልጁ ሚስት የሚያጭ ነው የሚመስለው። ገበያው በርካሽ ዕቃ በተጥለቀለቀበት ዘመን እንኳን ኦርጅናል ካልሆነ እጁን አይዘረጋም። ኦርጅናል ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ እኛ ቤት የገባ ኦርጅናል ሁሉ መልኩ ላይ አንድ ነገር የሆነ ነው፦ ቀለሙ የተፋቀ፣ እጀታው የጠቆረ፣ መጋዘን ውስጥ ወድቆ ጥጉ የተላጠ። ባለሱቅ እንዲህ ያለው ቶሎ እንዲነሳለት ይፈልጋል፤ አባቴ ደግሞ እሱን አድፍጦ ይጠብቃል።

ታዲያ የተበላሸውን ሁሉ ይሰበስባል ማለት አይደለም። ለሱ እንከን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠባሳ ነው። የተጫረ ብረት፣ ተዝረክርኮ የደረቀ ቀለም፣ እጀታው ላይ የቀረ የውሃ ምልክት፣ ይሄ ሁሉ ጠባሳ ነው፤ መልክ ነው፤ ሥራ አይነካም። ሁለተኛውን በኦሮምኛ ሙዳ ይለዋል። አማርኛው እንደ ማንኛውም የከተማ ሰው ነው፤ መሣሪያ ሲይዝ ግን ምላሱ ወደ ኦሮምኛ ይዞራል። ሙዳ ሥራ የሚያበላሸው ነው። የመላጊያ ሆድ ሲጣመም፣ ብረቱ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ሲሰነጠቅ፣ የመሮ ስለት ገና አንድ ዋንዛ ሳይበሳ ሲታጠፍ፣ ያ ሙዳ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ እጄ ላይ ያስቀምጥና «ሙዳ ቀባ?» ይለኛል። ሙዳ አለው ወይ፣ ማለቱ ነው። አየዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፣ አለው ወይም የለውም እላለሁ። እሱም ያንን ይዞ ይገዛል ወይ ይመልሳል። በቃ፤ ሌላ ንግግር የለም።

በኋላ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ ይነሳል ብሎታል፤ እሱ ግን «ቆይ ይቺን ሥራ ልጨርስ» እያለ ዓመት ከዓመት ያራዝመዋል። ሰውን በመልኩ የሚለይ ይመስላቸዋል እንጂ በድምፁ ነው የሚለየው። የእንጨቱን ሥራ እጁ ያውቀዋል፤ ለመሣሪያው ግን የሚያይለት ሰው የግድ አስፈለገው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የአባቴ ዓይን እኔ ነኝ፤ ይሄን ደግሞ አምቦ ውስጥ የማያውቅ አናጺ አልነበረም።

እንግዲህ ባሌ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ እኛ ከተማ የተመደበ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ሊተዋወቅ የመጣ ቀን ክራቫት አስሮ ነበር፤ መጋዝ ብናኝ ላይ በክራቫት! አባቴ ነጋዴ የተወለትን መሮ እያሻሸ ነበር። እንግዳውን ማክበሩ ይሁን መፈተኑ እንጃ፣ መሮውን አቀበለውና «ሙዳ ቀባ?» አለው። ባሌ ደግሞ ቀባ ማለት አለው ማለት እንደሆነ ከተማሪዎቹ ለቅሞ ያውቃል። ሙዳ ደግሞ በአማርኛ ያው ሙዳ ሥጋ ነው። እና ሥጋ አለ ወይ የተባለ መስሎት፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ እጁን እያርገበገበ፣

«ኧረ አባባ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነው» አለ።

አባቴ ሳቀ ብዬ ልናገር ብል ያንስበታል። መሮው ከእጁ ወደቀ። ጠረጴዛውን ይዞ ተንበረከከ። እንባው ወረደ። ከጎረቤት ብየዳ ቤት ሰው ምን መጣ ብሎ ሮጦ መጣ። እኔ ያን ዕድሜ ሁሉ ትክክለኛውን መልስ ስመልስለት አባቴ አንድ ቀን እንኳን ጥርሱን አላሳየኝም። ይሄ ሰውዬ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያን ሁሉ ሳቅ ይዞ ሄደ። እጮኛዬ ነው እኮ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ከዚያ ወዲያ ሙዳ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ። ባሌ በር ላይ ብቅ ሲል አባቴ «ዛሬ ይበላል፣ ጾም አይደለም!» ይለዋል፤ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን እኔም ላወራው ሞከርኩ፤ እንግዶች መጥተው ነበር። ማንም አልሳቀም። ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ ሰው ያንን ቀልድ ለካ ማውራት አልችልም፤ የኦሮምኛውንም የአማርኛውንም ሙዳ ልክ አድርጌ ነው የምለው። ከቀልዱ ውጪ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከተጋባን በኋላ ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለው ሥራ ቤት መምጣት ለመደ። አባቴ በርጩማ ሠራለት። በርጩማውን የት ያስቀምጠዋል? በኔና በራሱ መሃል! ባሌ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፦ ይሄ ለምን ጠቆረ፣ ይሄ ለምን ከበደ፣ ይሄ ዝገት ይለቃል ወይ። አባቴም ይመልሳል። ለካ አባቴ ማውራት ይችላል! እኔ ዝም ብዬ አይቼ የተማርኩትን፣ ለሱ እንደ ሰርግ ጥሪ እየደጋገመ ይነግረዋል። ከዚያ ይባስ ብሎ አንድ ቅዳሜ ሞረድ መጣና አባቴ እጁን ዘረጋ፤ ወደኔ መስሎኝ ተነሳሁ። ወደ ባሌ ነው። «እስቲ አንተ እይልኝ» አለው። የያዝኩትን የቫርኒሽ ብሩሽ ቆርቆሮው ላይ ወርውሬ ወጣሁና ዳቦ ልግዛ አልኩ። ቤት ዳቦ ሞልቶ ነበር።

ባሌ ክፉ ሰው ቢሆን እኮ በተገላገልኩ። ማታ ማታ «አባትሽ የሚገርም ሰው ነው» ይለኛል። አባትሽ! ለኔ ይነግረኛል፤ እንደማላውቀው።

ከጌዶ ከተማ ወዲያ መንገድ ይሠራ የነበረ አንድ ድርጅት ካምፑን ሲያፈርስ ዕቃውን ይሸጣል የሚል ወሬ መጣ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር ሦስታችንም በሚኒባስ ሄድን። አባቴ ለብረት መላጊያ ነበር የቋመጠው፤ ሁለት አገኘ፣ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓይነት። አንደኛው ያብረቀርቃል፤ ገና ከካርቶን የወጣ ነው የሚመስለው። ሌላው ሲያዩት ያሳዝናል፤ ቀለሙ ተላልጧል፣ እጀታው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፣ ጎኑ ላይ ዝገት አለ። አባቴ የሚያብረቀርቀውን አንስቶ ለባሌ ሰጠው። አሁንም ለባሌ!

ባሌ ወደ ብርሃን አዞረው። ሆዱን አየ፣ ስለቱን አየ፣ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ። «የለውም አባባ። ጠባሳ እንኳን የለውም» አለ።

እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። ያንን ያህል ያገለገለ ካምፕ ውስጥ ጠባሳ የሌለው መላጊያ ከየት ይመጣል? ከእጁ ነጠቅኩት፤ ነጠቅኩት ነው የምለው። ስለቱ ከሚወጣበት አፍ ጥግ ላይ ቀለሙ ትንሽ ወፍሯል። ተሰንጥቆ፣ ተሞልቶ፣ ከላዩ ተቀብቷል። «አባዬ፣ ሙዳ አለው። አፉ ጋ ተሰንጥቋል» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ የሚሸጡት ሰዎች ዞረው አዩኝ። አባቴ መላጊያውን ተቀብሎ ጥፍሩን አፉ ዳር ዳር አስኬደው። ጥፍሩ ቆመ። ራሱን ነቀነቀ።

እሰይ! ብዬ ነበር በሆዴ። አሁን ቦታዬን አገኘሁ፤ አሁን ያያል ማን ምን እንደሆነ።

አባቴ ግን ወደኔ አልዞረም። ባሌ ፊቱ ቀልቶ «ይቅርታ አባባ» እያለ ነበርና ወደሱ ዞረ። «አይዞህ ልጄ፣ እኔም በጉልምስናዬ በዚሁ ተታልያለሁ» አለው። ከዚያ የባሌን እጅ ያዘ። አመልካች ጣቱን ለይቶ፣ በራሱ መዳፍ ውስጥ አድርጎ፣ የጣቱን ጥፍር ስንጥቁ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። አንዴ። እንደገና። «ሰማኸው? እዚህ ጋ ትንሽ ይይዝሃል። ዓይንህን ጨፍን፤ እንደኔ ሁን» ይለዋል። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱ ሰዎች በሰው ግቢ መሃል ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እኔ አስቀያሚውን መላጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። ሙዳ አልነበረውም፤ እሱን ገዛን። በሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ አምቦ እስክንደርስ ከእጀታው ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጥፍሬ ስፍቅ ቆየሁ።

አባቴ የኔን ጣት እንዲያ ይዞት ያውቃል ወይ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ አጣሁ። ተሳስቼለት አላውቅማ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ፣ ከመርካቶ ዕቃ እያመጣ በየከተማው የሚዞር ነጋዴ ስኳድራ ይዞ መጣ። ስኳድራ ማዕዘን የምንለካበት ነው፤ የአባቴ ወድቆ ከተጣመመ ቆይቶ ነበር፤ በሱ የሠራነው በር ሁለቴ ተመልሶብናል። አባቴ ጥሩ ስኳድራ የሚፈልገው እንዴት እንደነበር እግዜር ያውቃል። ይሄኛው ኦርጅናል ነው፤ ናሱ ተጭሯል፣ እንጨቱ ላይ የውሃ ነጥብ አለ፤ ሌላ ምንም። አባቴ በእጁ መዘነው። ከዚያ ወደኔ ዘረጋው።

«ኢንተላ ኮ፣ ሙዳ ቀባ?»

ልጄ ብሎ፣ እኔን ጠየቀኝ። ባሌ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳንቃ ይዞልኛል። አፈታተኑ ቀላል ነው፤ ሳንቃው ላይ በስኳድራው አንድ መስመር ታሰምራለህ፤ ገልብጠኸው እዚያው ላይ ትደግማለህ። ሁለቱ መስመር አንድ ከሆነ ልክ ነው፤ ከተከፈተ ሙዳ አለው። አሰመርኩ። ገለበጥኩ። ደገምኩ። አንድ መስመር ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ አንድ መስመር።

«አለው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ። እሺ፣ ልንገራችሁ፦ አባቴ ስኳድራውን እንዲቀበለኝ፣ እንዲዳስሰው፣ ተሳስተሻል ብሎ ጣቴን እንዲይዝ ፈልጌ ነው። እጄን እንኳን ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ አጠገብ አስቀምጬ ነበር።

«እንግዲያው ይመለስ» አለ አባቴ። ስኳድራውን ከእጄ ወስዶ ምንም ሳይዳስሰው ለነጋዴው ሰጠው። ነጋዴው እያጉረመረመ በወረቀቱ ይጠቀልል ጀመር።

ባሌ መስመሩን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። «አባባ፣ ግን እኮ . . .» ብሎ ጀመረ።

«ተወው ልጄ» አለው አባቴ፣ ወደ ሥራው እየተመለሰ። «አንተ ብለህ ቢሆን እዳስሰው ነበር። እሷ ካለች ምን ያስዳስሰኛል?»