የስድስት ጤነኛ ውሾች ምርመራ

ፕሌኖ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ፣ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የውሻ ማደሪያ አጥብ ነበር። የምኖረው እዚያው አቅራቢያ ባለችው ሮውሌት፣ አክስቴ ቤት ነበር። ሞባይል ያልተለመደበት ጊዜ ስለነበር ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። እሳቸውም የመኪናውን ወንበር ፕላስቲክ አልብሰው ይመጣሉ። ቤት ስንደርስ ጫማዬ ውጭ ይቀራል፤ የምጠጣበት ብርጭቆም ለብቻው ነው።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ ስድስት ውሾች ሊመረምር ተነሣ። ውሾቹ አረጋውያን መጦሪያ እየተወሰዱ ሽማግሌዎችን የሚያጫውቱ ናቸው፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ጤነኛ የሚመስል ውሻም ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል አለን። እኔ ሰገራቸውን በትንንሽ ዕቃ ሰብስቤ ቁጥር ለጠፍኩበት፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመው ትምህርቴ ለዚህ አላነሰም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ይህንን ለአክስቴ ነገርኳቸው።

«ጤነኛ ከሆነ ለምን ይመረመራል? የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው» አሉ። «ስሚኝ፤ አንዱ ላይ እንኳ ቢገኝ፣ ወይ ሥራውን ትተያለሽ ወይ ሌላ ቤት ትፈልጊያለሽ።»

በአገሩ ከእሳቸው ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረም። ውጤቱ እስኪመጣ ለስድስት ውሾች ሆድ ስጸልይ ሰነበትኩ።

አምስቱ ነጻ ወጡ። ስድስተኛው፣ ክሊኒኩ ውስጥ የሚውለው የሐኪሙ የራሱ ውሻ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ ባክቴሪያ ተገኘበት።

«ጥሬ ሥጋ የሰጠው አለ?» አለ ሐኪሙ።

የክሊኒኩ ሠራተኞች ሁሉ የለም አሉ። እኔ እንደ ተማሪ ጣቴን አወጣሁ። በፋሲካ ሰሞን አክስቴ ለምሳዬ ጥሬ ክትፎ ይቋጥሩልኝ ነበር። ፈረንጆቹ ፊት መብላት አፈርኩ፤ አክስቴን አልፈልግም ማለትም አፈርኩ። ውሻው አያፍርም።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ከዚያው ሳይሆን አይቀርም አለና ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። አክስቴ ያን ሰሞን ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ነበር፤ ያሳበቡት ግን በጫማዬ ነው።

«እህስ፣ ተገኘ?» አሉኝ መኪና ውስጥ።

«አንዱ ላይ።»

«አላልኩሽም! ከየት አመጣው?»

«ከጥሬ ሥጋ ነው አሉ፣ እቴቴ። ከክትፎ።»

«ከየትኛው ክትፎ?»

«እርስዎ ከቋጠሩልኝ።»

መኪናውን ዳር አስይዘው ቆሙ። በሐሳቤ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

«የእኔን ክትፎ» አሉ፣ «ለውሻ?»

ስለ ባክቴሪያው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልተባረርኩም። ምሳ መቋጠር ቀረ። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ቤታችን የገባ ሥጋ ሁሉ እስኪያር ተጠበሰ። የወንበሩ ፕላስቲክ ግን አልተነሣም።